«ልሸኝሽ» ያለ ሁሉ አይሸኝም

ዛሬ የምናወራው ስለ ፍቅርና ስለ መንገድ ነው። «ደግሞ ፍቅርንና መንገድን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ቆይማ፣ አንዲት አንባቢያችን ስሟን ደብቃ የጻፈችልኝን ደብዳቤ ላንብብላችሁ።

«ዕድሜዬ 23 ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ታክሲ የሚባል ነገር አይወድም። ማታ ከሥራ ስወጣ ‹ነይ ዎክ እናድርግ፣ እስከ ታክሲው ልሸኝሽ› ይለኛል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ሜክሲኮ በእግር! ‹መንገዱ እንዲህ አምሮ የተሠራው ለማን ሆነና ነው?› ይላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ባለ ቪትዝ ደንበኛችን ‹ቤትሽ ድረስ ላድርስሽ› እያለ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል። ጓደኞቼም ‹አንቺ ሞኝ፣ በዚህ ዘመን በእግር የሚያስኬድ ወንድ ይዘሽ ትዞሪያለሽ?› ብለው ይስቁብኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እውነቱን ልናገርና፣ እዚህ ድረስ ሳነብ ልጅቷ ላይ ተናድጄ ነበር። «ይኸው! ልብ ሳይሆን ጎማ የሚያዩ ሴቶች!» አልኩ። የተናደድኩት ግን የራሴ ቁስል ስለተነካ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ከሳንጃ አዲስ አበባ የመጣሁ ሰሞን አንዲት ልጅ ወድጄ «መኪና አለህ?» ስትለኝ «አለችኝ፣ ጋራዥ ገብታ ነው» ብያት አረፍኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪናዬ ጋራዥ ነበረች! «ይቺ መኪና ምን ነክቷት ነው?» ስትለኝ «ዕቃዋ ከውጭ ነው የሚመጣው» እላለሁ። አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገትሬ አገኘችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዬም ስለ እኔም ጠይቃ አታውቅም።

እግረኛ መሆን ግን ለምን ያሳፍረናል? በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ብዙዎቹ እኛ ነን፤ አንገታችንን የምንደፋውም እኛው! በከተማዋ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውንም አትርሱ።

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በእሑድ ቀን ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ትዝ ይላችኋል? ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ አይቼ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። ክርክሩም አብሮ ደርቷል። ባለ መኪናው «መንገዱን አጠበቡብን፣ ማቆሚያ አሳጡን» ይላል። ባለ ሱቁ «መኪና ካልቆመ ገዢ ከየት ይመጣል?» ይላል። ይኼ ስጋት የእኛ ብቻ አይደለም። ኮፐንሀገን ስትሮየት የተባለውን የገበያ መንገዷን እ.ኤ.አ. በ1962 ለመኪና ስትዘጋ የዚያ አገር ነጋዴም እንዲሁ ብሎ ነበር። ዛሬ መንገዱ ገዢና ተመልካች እየተጋፋ የሚውልበት ሆኗል። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ፣ ኪጋሊ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ በእሑድ ቀን መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ይለቅቃሉ። ስለዚህ እኔ ወገኔን ለይቻለሁ። መሀል ከተማ ለእግረኛ ይሁን ከሚሉት ጋር ነኝ።

ይህን ለአንድ የሳንጃ አብሮ አደጌ በስልክ ነገርኩት። «መኪና ይቀነስ? እኛ ዘንድ መቼ በዛና!» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ሰው፣ አህያ፣ ባጃጅና ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ አንዱን መንገድ ይጋፉበታል። ቆላ ናት፤ በሚያዝያ ቀትር ፀሐዩ አናት ይበሳል። በዚያ ሰዓት በእግሩ የሚሄድ ሰው ዎክ እያደረገ አይደለም፤ የባጃጅ ስለሌለው ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ከገበያ ቤት የምትደርሰው ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ጥላ እያረፈች ነበር። ለእሷ «በእግር መሄድ ጤና ነው» ብሎ የሚመክራት ቢመጣ ዘንቢሉን አሸክማ ነበር የምትሸኘው!

ወዶ መሄድና ተገዶ መሄድ ይለያያል ወገኖቼ። ይህን ያስታወሰኝ ደግሞ የደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ነው።

«ሠፈራችን ለልማት ተነሥቶ ከተማው ዳር ወጥተናል። እሱ ዎኩን ጨርሶ ሰልፉ ላይ ትቶኝ ይሄዳል። ሰልፉ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከታክሲ ስወርድ ደግሞ መብራት በሌለው ኮረኮንች 20 ደቂቃ ብቻዬን እሄዳለሁ። ውሻ አለ፣ ሰካራም አለ። ጫማዬን አውልቄ የሮጥኩበት ማታ አለ። ለእሱ ግን ነግሬው አላውቅም። አፍራለሁ።»

ንዴቴ ወደ ሐፍረት የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ መኪና አልናፈቃትም። የናፈቃት በሰላም ቤቷ መግባት ነው!

ከተማችንም እንደዚህ ልጅ ጓደኛ ሆናብናለች። አምፖል በተደረደረበት ጎዳና ላይ ታንሸራሽረንና ጨለማው ሲጀምር «ቻው» ትለናለች። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡትን አስቡ። በፊት በእግራቸው ይደርሱበት የነበረው መሀል ከተማ ዛሬ ሩቅ አገር ሆኖባቸዋል። መኪና ይቀነስ ካልን አውቶቡስ ይጨመር፤ ዛፍ ይተከል፤ መብራቱም እስከ ሠፈር ይዝለቅ። መንገድ ለሰው ከተባለ እስከ ሰውየው ደጃፍ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ እህቴ።

አንደኛ፣ ከጓደኛሽ ጋር ተናደሽ ብቻ ቪትዝ ውስጥ አትግቢ። መግባቱ ቀላል ነው፤ መውረዱን ግን የሚወስነው መሪውን የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ማፈሩን ተዪና ንገሪው። ያላየውን ጨለማ ከየት ያውቀዋል? በሥራ ቀን በቀጥታ ወደ ሰልፉ ሂዱ፤ ወረፋው እስኪደርስሽም አብሮሽ ይቁም። ዎካችሁን ለእሑድ ጠዋት አድርጉት። በአንድ ሰዓት ከሚገቡ የሠፈርሽ ልጆች ጋርም ተጠባበቂ፤ ብቻሽን አትሂጂ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። አንድ ማታ «ዛሬ ደግሞ ዎኩን በእኔ ሠፈር እናድርገው» በይው። ከታክሲ ወርዳችሁ ያንን 20 ደቂቃ አብሮሽ ይሂድ። ሲመለስ ይመሽበታል፣ በየቀኑም አይችል ይሆናል። ግን ካየ በኋላ ምን እንደሚያደርግ እይው። በማግሥቱ ለታክሲ የሚሰስተውን ብር አውጥቶ «እንዴት ገባሽ?» እያለ የሚጨነቅ ከሆነ መኪና የሌለው ባል ይውጣልሽ፣ እኔ ሽማግሌ እሆናለሁ! አይቶም «አይ፣ ይለመዳል» ካለሽ ግን በእግርሽም ቢሆን ራቂው።

እናንተ ወንዶችም፣ የምትወዷትን ልጅ የሸኛችኋት የት ድረስ እንደሆነ እስቲ ዛሬ ራሳችሁን ጠይቁ። መኪናዬ ጋራዥ ናት አይሠራም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።