ሳይለኩ መግዛት ይቅር

ስለ ጡት መያዣ በጋዜጣ መጻፍ ነውር ነው የሚሉን አንባቢዎች እንደማይጠፉ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ዝም ማለትን አልመረጥንም።

መርካቶ ወርዳ ጫማ ስትገዛ ሁለት ሦስት ጊዜ የምትሞክር እኅታችን፥ ጡት መያዣ ሲሆን ግን ሰው እንዳያያት ተጣድፋ በግምት ትገዛለች። ገንዘቧን ከፍላ ማንገቻው ትከሻዋን ሲቈርጣት፥ በክፍልም በቢሮም ስትቸገር ትውላለች።

መፍትሔው አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። በመጀመሪያ ከጡት ሥር፥ ቀጥሎ በጡት ላይ ያለው ዙሪያ ይለካል። በጀርመንና በብዙ የአውሮፓ አገሮች አለካክ የመጀመሪያው 75፥ ሁለተኛው 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ ልዩነቱ 15 ስለ ሆነ ልኩ «75 ቢ» ይባላል። ይኸው 75 በእንግሊዝና በአሜሪካ ዕቃ ላይ 34፥ በፈረንሳይ 90 ተብሎ ስለሚጻፍ፥ ዕቃው የየት አገር እንደ ሆነ መጠየቅ ያሻል።

ክብደቱን በብዛት መሸከም ያለበት የደረቱ መቀነት እንጂ የትከሻው ማንገቻ አይደለም። መቀነቱ በጀርባ በኩል ወደ ላይ ከተሳበ ሰፍቷል፤ ጡት ከላይ ወይም ከጎን ካመለጠ ማቀፊያው ጠቧል። አዲሱ በሰፊው መንጠቆ ይታሰር፤ ላስቲኩ ሲላላ ይጠብቃል። ለስፖርት ደግሞ ጡትን አጥብቆ የሚይዝ ለብቻው የተሠራ ዐይነት አለ።

ባለሱቆች አንድ መጋረጃ ቢሰቅሉና ሴት ሻጭ ቢያቆሙ ገበያቸው ይደምቃል እንጂ አይጐዳም። እኅቶቻችንም የገዛ አካልን ልክ ማወቅ ነውር አለመሆኑን እንዲረዱ እናሳስባለን።