እህልን ከአየር ስለ መከልከል

በአዲስ አበባ በቂርቆስና በካዛንቺስ ቤት የጠበበው ሰው ጎተራ የሚያቆምበት ስፍራ ስለሌለው ቀለቡን በጆንያ ያኖራል፤ ነቀዝም ይቀድመዋል። ነቀዝ ግን ነፍስ ያለው ፍጥረት ነውና አየር ሲያልቅበት ይሞታል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ደፍኖ የሚያኖረው፥ ፒክስ የተባለውም ሦስት ድርብ ከረጢት እህል የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። አየሩን መጥጦ ላስቲክ የሚያሽገው የቤት መኪናም ይህንኑ ጥበብ ይከተላል።

ነገር ግን እርጥብ እህል ታሽጎም ይበላሻል። ጥሬ ሥጋም በላስቲክ ቢታሸግ፥ በቅዝቃዜ ካልተጠበቀ፥ ያለ አየር የሚያድግ መርዘኛ ተሐዋሲ ያገኘዋል።

ስለዚህ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ከረጢት ከማደል አስቀድመው፥ የእህሉ እርጥበት ከመቶ 13 እጅ እንዳይበልጥ በፀሐይ ማድረቅን ሊያስተምሩ ይገባል። በአውድማ ሳይደርቅ የተጫነውን እህል የካዛንቺስ መኪና አያድነውም።