የጥሪ ዋጋ ገንዘብ አይደለም

“መኪና ገዝቶ የከሰረ የለም” የሚለው አነጋገር በአዲስ አበባ ነጋዴዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት እንደ ሕግ ሲነገር ኖሯል። በሌላው ዓለም አዲስ መኪና ከመሸጫው ግቢ በወጣበት ቀን ዋጋው መቀነስ ይጀምራል። የሒሳብ ባለሙያም በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይይዝለታል። በአዲስ አበባ ግን ባለመኪናው አምስት ዓመት ነድቶ፣ ጎማውን ጨርሶ፣ ቀለሙን አስነክቶ ከገዛበት በላይ ሲሸጥ ታይቷል። በመሆኑም መኪና መጓጓዣ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቤትና እንደ ወርቅ የገንዘብ ማስቀመጫ ተደርጎ ተቆጠረ።

ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ይህ እምነት ይፈተናል። በቀዘቀዘ ገበያ ጥያቄው “መኪናው ስንት ያወጣል?” የሚለው ብቻ አይደለም። “በስንት ጊዜ ይሸጣል?” የሚለውም እኩል ይመዝናል። ብዙ ባለንብረቶች የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይጠይቁም።

ዋጋውን የያዘው ብረቱ አልነበረም

ያገለገለ መኪና ዋጋ የሚወሰነው በራሱ ዕድሜ ብቻ አይደለም። ዋናው ወሳኝ ነገር ተመሳሳዩን መኪና ዛሬ ከውጭ ለማስገባት የሚጠይቀው ወጪ ነው። የማስገቢያው ወጪ ከእርጅናው ፈጥኖ ካደገ አሮጌው መኪና በብር ይወደዳል። በኢትዮጵያ የሆነውም ይኸው ነው።

ቅደም ተከተሉን ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በአንድ ጊዜ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ሁሉ ተወዳዳሪ አጡ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከታገዱት 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል አውቶሞቢሎች ተካተቱ። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

በእነዚህ ዓመታት መኪና ይዞ የቆየ ሰው ጥሬ ብር ይዞ ከቆየው የተሻለ እንደነበር አይካድም። ይሁንና ትርፉ የመጣው ከመኪናው አይደለም። የመጣው ከታክሱ፣ ከምንዛሪ እጥረቱና ከእገዳው ነው። በመመሪያ የመጣ ዋጋ ደግሞ በመመሪያ ሊሄድ ይችላል። መኪናውን እንደ ሀብት የሚቆጥር ሰው በእጁ ያለው ብረት ብቻ ሳይሆን መንግሥት ነገ የማይለውጠው ይሆናል ብሎ የገመተው ደንብ ጭምር መሆኑን ሊረሳ አይገባም።

ከታዋቂ ገበያ የተገኘ ትምህርት

እጥረትን ከዋጋ ጋር ማምታታት የአዲስ አበባ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የስፖርት መኪና እንደ አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ ነበር። የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ በ1988 ሲሞት ዋጋው ይበልጥ ተተኮሰ። መኪና ቀርቶ የመኪና ወረፋ ይሸጥ ጀመር።

በዚያው ዓመት ጃጓር ኤክስጄ220 የተባለውን መኪና ለሕዝብ አሳየ። ደንበኞች 50 ሺህ ፓውንድ ቀብድ እየከፈሉ ተሰለፉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። አንደኛ፣ ሲታይ ባለ 12 ሲሊንደር የነበረው መኪና ወደ ምርት ሲገባ ባለ 6 ሲሊንደር ሆኖ መጣ። ሁለተኛ፣ መኪናው በ1992 ለርክክብ ሲደርስ የዓለም ኢኮኖሚ ተቀዛቅዞ፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው በእጅጉ ንሮ ነበር። ቀብድ ከፋዮች ከውሉ ለመውጣት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ኩባንያው እስከ 350 ሊሠራ አስቦ ሳለ የተሠሩት ከ300 በታች ሆነው ቀሩ፤ የቀሩትም ገዢ እስኪያገኙ ዓመታት ቆሙ።

በተቃራኒው ማክላረን ኤፍ1 አለ። በ1990ዎቹ ገዢ ጠፍቶለት 106 ብቻ ተሠርቶ ምርቱ ተቋረጠ። ከእነዚህ አንዱ በነሐሴ 2021 በካሊፎርኒያ በተደረገ ጨረታ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። “ጠብቆ የከሰረ የለም” የሚሉ ሰዎች ይህን ይጠቅሳሉ። ነገር ግን ይህን ዋጋ ያወጣው መኪና ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ የቆየ፣ በዓለም ላይ በመቶ የሚቆጠር ብቻ ያለውና ብዙም ያልተነዳ ነበር። ሥራ ማስኬጃ ገንዘቡን በመኪና ላይ ያሰረ ነጋዴ ሠላሳ ዓመት የሚጠብቅበት አቅም የለውም።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚጠፋው የውዱና የልዩው መኪና ገዢ ነው። የአዲስ አበባም ገበያ ከዚህ አይለይም። ቪትዝና ኮሮላ በመጥፎ ጊዜም ገዢ አያጡም። መለዋወጫቸው ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የትኛውም ጋራዥ ይፈታቸዋል፤ ገዢያቸውም ደመወዝተኛው፣ ነጋዴውና ታክሲ የሚሠራው ጭምር ነው። ሞተሩ ትልቅ የሆነው፣ ቤንዚን የሚጠጣውና መለዋወጫው በትእዛዝ የሚመጣው መኪና ግን ገዢዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የእነዚህ ገዢዎች ቁጥር ይበልጥ ይመናመናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብም በባንክ ብድር መኪና ይገዛ የነበረው ደንበኛ ከገበያው ወጥቷል። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም ባንክ ካለው ውስን ገንዘብ ለመኪና ገዢ ቅድሚያ ይሰጣል ተብሎ አይጠበቅም።

የኤሌክትሪክ መኪናው ሌላ ሒሳብ አለው

ያገለገለ መኪና ዋጋ ሌላ መኪና ለማስገባት በሚጠይቀው ወጪ የሚወሰን ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ዕጣ ከቤንዚኑ የተለየ እንደሚሆን ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ እንዲሆኑ ተወሰነ። የገዢ ዕድል ነው። ለሻጭ ግን ሌላ ትርጉም አለው፤ አሮጌውን ከፍ አድርጎ ይዞት የነበረው የታክስ ግድግዳ ለዚህ መኪና አልተገነባለትም። በዚያ ላይ የቻይና ፋብሪካዎች በዋጋ ቅነሳ እየተፎካከሩ በየጊዜው አዲስ ሞዴል ያወጣሉ። ትናንት የተገዛው መኪና የሚወዳደረው ነገ ከሚመጣው አዲስና ምናልባትም ርካሽ መኪና ጋር ነው።

ውጤቱ በሌላ አገር ታይቷል። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ቴስላ በአሜሪካ የአንዱን ሞዴል ዋይ መኪና ዋጋ ከ65,990 ወደ 52,990 ዶላር ሲያወርደው፣ ቀደም ብሎ በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው መኪናውን ሳያስነሳ 13 ሺህ ዶላር አጣ። ኸርዝ የተባለው መኪና አከራይ ድርጅት በጥር 2024 ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የኤሌክትሪክ መኪኖቹን ለመሸጥ ሲወስን፣ በእርጅና ቅናሽ ብቻ 245 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ወጪ መዝግቧል። ይህ ሁሉ በሚገባ የተደራጀ ገበያ ያለው አገር ላይ የሆነ ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ የባትሪ ጥያቄ ይጨመራል። የቤንዚን መኪና ገዢ መካኒኩን ይዞ ሄዶ ሞተሩን ያስደምጣል። የባትሪውን ቀሪ አቅም በጆሮ ማወቅ አይቻልም። በአምራቹ ይፋዊ ወኪል በኩል ያልገባ መኪና ዋስትናው ተከትሎት ላይመጣ ይችላል። ገዢ የማያውቀውን ነገር በዋጋ ይቀንሳል፤ ይህ የየትኛውም ገበያ ባሕርይ ነው።

መጠበቅ ስንት ያስከፍላል?

የቀዘቀዘ ገበያ በአዲስ አበባ ራሱን የሚገልጸው በዋጋ መውረድ ሳይሆን በጊዜ መርዘም ነው። ባለንብረቱ የጥሪውን ዋጋ አያወርድም፤ መኪናው ግን ቆሞ ይከርማል። ጎረቤቱም ያንኑ ዋጋ ሰምቶ የራሱን በዚያው ይተምናል። እንዲህ እያለ ማንም ያልከፈለው ዋጋ የገበያ ዋጋ ይባላል።

ለምሳሌ ያህል ባለመኪናው 3.2 ሚሊዮን ብር ጠይቆ 2.9 ሚሊዮን ቀረበለት እንበል። እምቢ ብሎ ከስምንት ወር በኋላ በ3.1 ሚሊዮን ሸጠ። 200 ሺህ ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ሆኖም 2.9 ሚሊዮኑን በዓመት 10 በመቶ በሚከፍል የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ቢያኖረው በስምንት ወር 193 ሺህ ብር ገደማ ያገኝ ነበር። የኢንሹራንስ፣ የቦሎ፣ የጥበቃና የጥገና ወጪ 60 ሺህ ብር ቢባል ትርፉ ቀርቶ 53 ሺህ ብር ጉዳት ላይ ነው። የዋጋ ንረቱ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ዕቃ የሚያዞር ነጋዴ ከሆነማ ኪሳራው ከዚህ ይብሳል።

ከዚህ አኳያ ደላላውም የድርሻውን ሊወስድ ይገባል። ባለንብረቱን ለመያዝ ሲል “ከዚህ በታች እንዳትሸጥ” የሚል ደላላ መኪናውን ያስቆመዋል፤ የራሱንም ኮሚሽን ያዘገያል። ለደንበኛው የሚጠቅመው በቅርቡ በእርግጥ ስም የተዛወረበትን ዋጋ የሚነግር ደላላ ነው። በቀዘቀዘ ገበያ ታማኝነት መልካም ጠባይ ብቻ ሳይሆን ሥራ ማስኬጃም ነው።

ገዢም ቢሆን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር፤ ይህን መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገዛው ሰው ማን ነው? መለዋወጫው የት ይገኛል? ዋጋውን ይዞ ያቆየው የትኛው ደንብ ነው? መልስ ካጣ መኪናውን መግዛት ይችላል፤ ሊነዳው እንጂ ሊያተርፍበት ግን አይደለም።

መኪና የሚነዳ ዕቃ ነው፤ የሚነዳ ዕቃ ያልቃል። ያለፉት ዓመታት ይህን እውነት በብር መውደቅና በገበያ መዘጋት ጋርደውት ቆይተዋል። መሸጥ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የቀረበለትን ተጨባጭ ገንዘብ ከነገው ተስፋ ጋር በወረቀትና በእስክሪብቶ ያነጻጽር። ያላወጣው ዋጋ በባንክ ደብተሩ ላይ አይጻፍም።