ጮኸ እንጂ አልወደቀም



የእህቴ ልጅ ውትድርናውን ከጨረሰ ወዲህ የሽጉጥ ውድድር ይዞታል። እናቱ አትወድለትም፤ «እስካሁን የያዝከው መሣሪያ አልበቃህም ወይ?» ትለዋለች። እኔ ግን አንድ ዓርብ ጠዋት «ጋሼ፣ ና እስቲ እየኝ» ሲለኝ አብሬው ሄድኩ። የጆሮ መሸፈኛና መነጽር ሰጡኝና ከኋላ ቆምኩ።

እዚያ ከወረቀት ዒላማ ጋር የብረት ዒላማም አለ። ፖፐር ይሉታል። ትልቁ 85 ሳንቲ ሜትር ይቆማል፤ ከላይ ክብ፣ ከታች ቀጠን ያለ ነው። ወረቀት ከሆነ ቀዳዳውን ቆጥሮ መፍረድ ይቻላል። ብረቱ ግን መውደቅ አለበት። ከወደቀ 5 ነጥብ ነው። ቆሞ ከቀረ 5ቱ ይቀራል፣ በላዩ ላይ 10 ይቀነሳል።

ልጁ የመጨረሻውን ብረት ተኮሰ። ጥንግ! ሲል ሁላችንም ሰማን። ብረቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጁ እንደመታው እርግጠኛ ስለነበር ሽጉጡን አስገባ፤ ሰዓቱም አለቀ። ዳኛው «ስቷል» አለ። ልጁ ተናደደና ሄዶ ብረቱን በጣቱ ገፋ፤ ዝጎ መያዙን ለማሳየት ነው። ዳኛው ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ያኔ ልጁ ወደኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «አየህ ጋሼ? ጥቁር ባልሆን ይቆጥርልኝ ነበር» አለኝ።

ዝም አልኩ። ይቺ ቃል ስንቱን ቤታችንን እንደምታንኳኳ ታውቃላችሁ። አይደለም እንዳልል፣ አይቼዋለሁ። ነው እንዳልል፣ የዚያን ሰው ልብ አላውቅም።

ሰንበት ከወጣ በኋላ የደንቡን መጽሐፍ ከፍተን ተቀመጥን። ዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ያወጣው ነው። ለካ ተመትቶ ያልወደቀ ብረት ሲያጋጥም ተኳሹ ሦስት መንገድ አለው። እስኪወድቅ ደግሞ መተኮስ ይችላል። ትቶት ካለፈና ካልተከራከረ እንደሳተ ይቆጠራል። ሦስተኛው፣ ቆሞ እንዳለ ትቶት «ብረቱ ይፈተሽልኝ» ማለት ነው። ይህን ካለ ብረቱን ማንም አይነካውም። የውድድሩ ሹም ከነካው ተኳሹ እንደገና ይተኩሳል፤ ተኳሹ ራሱ ከነካው ግን ስቷል ተብሎ ይጻፋል። ፈተናው ሳይደረግ ነፋስ እንኳ ቢጥለው ተኳሹ እንደገና ይተኩሳል።

ፈተናውን የሚያደርገው ለዚሁ የተመደበ ሰው ነው። ተኳሹ በቆመበት ቦታ ቆሞ፣ ሆን ተብሎ ደከም ያለ ጥይት ይተኩሳል፤ ኃይሉ ለውድድር ከሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን አይበልጥም። ብረቱ ላይ ወደ ላይኛው ክፍል የተወሰነ ክልል አለ። ጥይቱ እዚያ ወይም ከዚያ በታች መትቶት ከወደቀ ብረቱ ደህና ነበር ማለት ነው፤ ልጁ ስቷል። ካልወደቀ ጥፋቱ የብረቱ ነው፣ ልጁ እንደገና ይተኩሳል። ፈታኙ ከክልሉ በላይ ከመታም ጥቅሙ ለተኳሹ ነው። ይቺን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የፈታኙን ስሕተት ተከራካሪው አይከፍላትም።

ስቲል ቻሌንጅ በሚባለው ሌላ ውድድር ደግሞ ብረቱ ቆሞ ነው የሚቀረው፤ መመታቱን ዳኛው በዓይኑና በጆሮው ይለያል። ላልተመታ ብረት 3 ሰከንድ ይጨመራል። የዚያን ዳኛ ሥራ አልመኝም።

ቄስ አባቴ በአገር ቤት የድንበር ጠብ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚልኩት ቃል «ድንጋዩን ማንም እንዳይነካው» የሚል ነበር። ሽማግሎቹ ሳይደርሱ ድንጋዩን ያነሳ ሰው እውነቱን ቢይዝም ይረታ ነበር። ይህን ለልጁ ስነግረው ጣቱን አየና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

ዳኛውንም ቢሆን ከወቀሳ ነፃ አላወጣሁትም። ልጁ ወደ ብረቱ ሲራመድ «ቁም፣ አትንካው፣ መብት አለህ» ቢለው ምን ይጎድልበት ነበር? ደንቡ አያስገድደው ይሆናል። እኔም ባግሩት ተፈትኖ ውጤቱ ያልጣመውን ተማሪ፣ ይግባኝ ማለት እንደሚችል ሳልነግረው ያሳለፍኩባቸው ዓመታት አሉ። መቼም ያውቃል ብዬ ነው። ከኛ ቤት የወጣ ልጅ ከየት ያውቃል?

ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሄድን። እንዳጋጣሚ ያው ነገር ደረሰ፤ ብረቱ ጮኸ፣ አልወደቀም። ልጁ ሽጉጡን አስገባ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመና «ይፈተሽልኝ» አለ። ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ፈታኙ መጣ፣ ልጁ ከቆመበት ቆመ፣ አንድ ጥይት ተኮሰ። ብረቱ ወደቀ።

የልጁ ጥይት ጠርዙን ወይም እግሩን ነክታ ኖሯል፤ እንዲያ ስትመታ ታስጮኸዋለች እንጂ አትገፋውም። 15 ነጥብ ሄደ። ልጁ ወረቀቱን አንብቦ ፈረመ።

ማታ እናቱ ቡና እየቀዳች፣ «እህስ፣ መታህ ወይስ ሳትህ?» አለችው።

«መትቼዋለሁ እማዬ» አለ፤ «አልወደቀም እንጂ።»