ለውሾቹ የምንጥለው ትርፍራፊ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። የግቢያችን ውሾች ግን የሚበሉት ነገር ሊጎዳቸው ይችላል ቢባል ስንቱ ያምናል?

ከምሳ በኋላ በመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ቆም ብሎ ያየ ሰው ይመሰክራል። ሰልጣኙ ሁሉ በወጥ የራሰውን ፍርፋሪ እየወረወረላቸው ያልፋል። ደግነት ነው፤ አይነቀፍም። ዳሩ ግን ወጣችን ያለ ቀይና ያለ ነጭ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። «በስሏል እኮ!» የሚል አይጠፋም። መብሰልም ሆነ መድረቅ መርዙን አያጠፋውም። ለእያንዳንዱ ኪሎ የውሻው ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል። ድካሙ፣ የድዱ መንጣትና የሽንቱ መጥቆር ብዙውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ስለሚታይ ማንም ከምግቡ ጋር አያያይዘው።

የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብ ኩላሊትን፣ ቸኮሌት ልብን ይጎዳል። ያልተጋገረ ሊጥም እየቦካ ሆድ ይነፋል።

ታዲያ ይራቡ ወይ? የለም! ወጥ ያልነካው እንጀራ በአንድ ባልዲ ለብቻው ይጠራቀም፤ አጥንቱ በሌላ ተጥሎ ይቀበር። ለዚህ በየሳምንቱ ሁለት ተረኛ ይበቃል።

ነገ ሕፃናትን ስለ እንስሳት እንክብካቤ የምናስተምረው እኛው ነን። ስለ ደም ሕዋስ በክፍል ተምረን በመመገቢያ ቤቱ በር ላይ ከረሳነው፣ ተማርን የምንለው ምኑን ነው?