ተያዥ የሌለው ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ በጥበቃ ሥራ ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ የታደሰ መታወቂያ፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው ተያዥ። ለሹፌርነት፣ ለመጋዘን ሥራ፣ ለገንዘብ ተቀባይነት የሚጠየቀውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እስቲ ይህን ዝርዝር ዛሬ ከዝዋይ ማረሚያ ቤት ተፈትቶ ቃሊቲ መናኸሪያ ለወረደ ሰው ስጡት። መታወቂያው እስር ላይ እያለ ጊዜው አልፎበታል። ፖሊስ ነፃ ነው ብሎ አይጽፍለትም፤ አሻራው ተይዟል፣ ፍርዱም ተመዝግቧል። ተያዥ ሊሆኑት ይችሉ የነበሩት ዘመዶቹ ለጠበቃ ከፍለው፣ ስንቅ አመላልሰው ደክመዋል። በእጁ ያለው ወረቀት ከማረሚያ ቤት የተሰናበተበት ደብዳቤ ብቻ ነው። እሱን ባሳየ ቁጥር ደግሞ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

ወዳጆች፣ ስለ ማረሚያ ቤቶቻችን ስንነጋገር የምናነሳው ውስጡን ነው። መጨናነቁን፣ ምግቡን፣ ሕክምናውን። ልክ ነው፣ ይነሳ። በቴሌቪዥን የምናየው ደግሞ የምርቃት ዜና ነው፦ ታራሚዎች በሽመና፣ በእንጨት ሥራ፣ በልብስ ስፌት ሠለጠኑ፣ ፈተና ወሰዱ። እኔም እንዲህ ዓይነት ዜና ሠርቻለሁ። በሩ ተከፍቶ ሰውየው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ሲወጣ ግን ካሜራ የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እሱ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤትም የለም። ማረሚያ ቤቱ ኃላፊነቴ በሩ ድረስ ነው ይላል። ወረዳው ደብዳቤ አልደረሰኝም ይላል። ፖሊስ የሚያስታውሰው ሰፈር ውስጥ ስልክ የተሰረቀ ዕለት ነው።

እኔ እንደማየው፣ ወደ ወንጀል የመመለሻውን መንገድ የሚጠርገው የሰውየው ጠባይ ብቻ አይደለም። እነዚያ ሦስት ወረቀቶችም ናቸው። ወረቀቶቹን ማስተካከል ደግሞ ከጠባይ ይልቅ በጣም ይቀላል።

ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ገና በአንቀጽ 1 ላይ ከቅጣት ዓላማዎች አንዱ ወንጀለኛው እንዲታረም ማድረግ ነው ይላል። መግቢያው ላይም ታራሚዎች ከእስር ሲወጡ የሚጠቅማቸውን ሙያና ትምህርት መቅሰማቸው ሕጉ ለመታረማቸው የሰጠውን ቦታ እንደሚያሳይ ተጽፏል። በአንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩ የተመሰከረለት ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም ከ20 ዓመት በኋላ። በአመክሮ የወጣ ሰው ክትትልና ድጋፍ እንዲኖረው ሕጉ አስቦ ነበር። ያንን ክትትል የሚሠራ፣ ባለሙያ የተመደበለት ራሱን የቻለ አገልግሎት ግን አላቋቋምንም። አመክሮ በተግባር ማለት ቀድሞ መውጣት ማለት ሆኗል፤ ከወጡ በኋላ ያለው ግማሽ የለም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ያለው ክፍል ነው። ስሙ መሰየም ይባላል። ቅጣቱን የፈጸመ ሰው የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ ከኖረ፣ የሚችለውን ያህልም ካሳ ከከፈለ፣ ፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ማድረግ ይችላል። ከተሰየመ በኋላ ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በክፉ ልብ ያለፈ ጥፋቱን እያነሳ የሚያዋርደው ሰው እንኳ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሕግ አለን! ስንቱ ታራሚ ያውቀዋል? ያነጋገርኳቸው የተፈቱ ሰዎች ቃሉን ራሱ ከእኔ ነው የሰሙት፤ አንዱ እንዲያውም የሹመት ነገር መስሎት ሳቀ።

ችግሩ ግን አለማወቅ ብቻ አይደለም። ለመሰየም ለማመልከት ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው አምስት ዓመት፣ ሌላው ሁለት ዓመት መጠበቅ አለበት። ይህን ከአንቀጽ 67 ጋር አጋጥማችሁ አንብቡት። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ሆን ብሎ ሌላ ከበድ ያለ ወንጀል ከፈጸመ ደጋጋሚ ይባላል፣ ቅጣቱም ሊከብድበት ይችላል። ሕግ አውጪው እነዚያ አምስት ዓመታት አደገኛ መሆናቸውን ያውቃል ማለት ነው። ሰውየው መዝገቡ ሳይነጻ፣ የፖሊስ ማስረጃ ሳያገኝ እንዲኖር የተፈረደበትም ያንኑ አምስት ዓመት ነው። አምስት ዓመት ሥራ ሳይዝ ቀጥ ብሎ መኖሩን ካሳየን በኋላ ሥራ መያዝ የሚያስችለውን ወረቀት እንሰጠዋለን።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ሕግ ከዚህ በተሻለ መንገድ ሄዳለች። ቅጣቱ እጅግ ከባድ ካልሆነ የተወሰነ ጊዜ ሲያልፍ ፍርዱ በራሱ ጊዜ ያለፈበት ይሆናል። ማመልከቻ፣ ጠበቃ፣ ቀጠሮ አያስፈልግም። አብዛኛው አሠሪ ቢጠይቀው እንኳ የመናገር ግዴታ የለበትም። ከሕፃናት ጋር ለመሥራት ሲሆን ግን ይጠየቃል፣ መጠየቅም አለበት። የኛ የፖሊስ ማስረጃ ይህን ልዩነት አያውቅም። በመጠጥ ቤት ጠብ ሰው ያቆሰለ ወጣትና የአሠሪውን ካዝና የገለበጠ ሒሳብ ሠራተኛ እንጨት ቤት ለመቀጠር ሲሄዱ እኩል ይመለሳሉ። ካዝና የገለበጠው ገንዘብ ቤት እንዳይቀመጥ እኔም እፈልጋለሁ። እንጨት እንዳይልግ ግን ለምን?

ያነጋገርኩት አንድ ሰው አራት ዓመት ታስሮ እዚያው አናጺነት ተምሯል። ሙያውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት አለው። ወረቀቱ ላይ የተሰጠበት ቦታ ተጽፏል፤ ስለዚህ ለማንም አሳይቶት አያውቅም። አሁን ግንባታ ቦታ ላይ ስሚንቶ ይሸከማል። የቀን ሥራ ተያዥ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ጉልበት ነው። መላጊያና መጋዝ መግዛት ቢችል በራሱ እንደሚሠራ ነግሮኛል። እስር ቤት ሳለ ከሠራው ሥራ የደረሰው ገንዘብ ለስልክና ለሳሙና አልቋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቃቸው፣ የማንዴላ ደንቦች በሚባሉት የታራሚዎች አያያዝ ደንቦች ውስጥ ታራሚው ከሚያገኘው ክፍያ የተወሰነው ተቀምጦ ሲወጣ እንዲሰጠው የሚል ሐሳብ አለ። እዚያው ላይ የሚለቀቅ ሰው መታወቂያ፣ ለወቅቱ የሚሆን ልብስና እስከሚሄድበት የሚያደርሰው ገንዘብ ይኑረው ይላል። ቅንጦት አይደለም፤ የአውቶቡስ ሒሳብ ነው።

ከአዲስ አበባ ወጣ ስንል ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ሰው ገድሎ አሥር ዓመት ታስሮ የተፈታ ገበሬ ችግሩ የፖሊስ ማስረጃ አይደለም፤ መሬት ይኑረው እንጂ ማረሻው ማንንም አይጠይቀውም። የሱ ችግር የሟች ወንድም ነው። መንግሥት ዕዳውን ከፍሏል ቢልም በሟች ቤት ደሙ አልደረቀም። በአማራ ክልል በብዙ ቦታ ይህን የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ፣ በኦሮሞ ዘንድ ጉማ አለ፣ ሌላውም አካባቢ የራሱ ሥርዓት አለው። እርቁ ካልተፈጸመ ሰውየው ቀዬው አይገባም። ከገባም ወይ ይገደላል ወይ ራሱን ለመከላከል መሣሪያ ይይዛል፤ በሁለቱም መንገድ አዲስ ክስ ይከፈታል። ስለዚህ ብዙው ከተማ ይሰደድና እዚያው የተያዥ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ማረሚያ ቤቱ መፍቻው ቀን ሳይደርስ፣ ስድስት ወር እንኳ ቀደም ብሎ፣ ለሰውየው ወረዳ ቢያሳውቅና ሽማግሌዎቹ ሥራ ቢጀምሩ ወጪው ስንት ነው? አንድ ደብዳቤና ጥቂት የስልክ ጥሪ። ይህን በራሳቸው ተነሳሽነት የሚያደርጉ ኃላፊዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። የሰው ሕይወት ግን በኃላፊ ደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ሴት ስትሆን ይብሳል። ወንድ ሲፈታ በግ የሚታረድበት ቤት፣ ሴት ስትፈታ በሩ ገርበብ ብሎ ይጠብቃታል።

ደግሞ በብዛት የምንፈታበት ጊዜ አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከ4 ሺህ በላይ የፌዴራል ታራሚዎች በይቅርታ ተለቀዋል፤ ውሳኔው ትክክል ነበር። ይቅርታ የሚሰጥበት ዝርዝር አዋጅ አለን፣ ቁጥር 840/2006። ቦርድ አለው፣ መስፈርት አለው። የይቅርታው ማግስት ግን አዋጅ የለውም። የዘንድሮ ተፈቺ ደግሞ የሚመለስበት ሰፈር ራሱ ላይኖር ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት እንደ ፒያሳ ያሉ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ዳር ተነስቷል። እሱን የሚያውቅ ጎረቤት፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ መታወቂያ ሲያሳድስ የሚመሰክርለት ሰው አብረው ሄደዋል።

ይህን ስጽፍ የሚመጣውን አስተያየት አውቀዋለሁ። ምንም ያላጠፋ ተመራቂ ሥራ አጥቶ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ለወንጀለኛ ታስባለህ ትሉኛላችሁ። የተበዳዩስ ነገር? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ወረፋ ይቀደምለት አላልኩም፤ ወረፋው ላይ መቆም ይፈቀድለት ነው ያልኩት። ለተበዳይ ደግሞ ካሳ የሚከፍለው ሥራ ያለው ሰው ነው። በዚያ ላይ ቢመለስ የሚዘርፈው ባለሥልጣን አይደለም፤ ማታ ከሥራ በታክሲ የሚመለሰውን እኔንና እናንተን ነው።

በነገራችን ላይ ወህኒ የሚለው ቃል የመጣው ነገሥታቱ የዘውድ ተፎካካሪ ልዑላንን ያስሩበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ነው። በካፋን የመሰሉ ነገሥታት ከዚያ አምባ ወርደው ዘውድ ጭነዋል። የዛሬውን ታራሚ ማንም ዘውድ ጫንለት አላለም።

መንግሥት ነገ ጠዋት ሊጀምራቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። መታወቂያና ፋይዳ በሩ ከመከፈቱ በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ ይሰጥ። ስለ መሰየም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፈ አንድ ገጽ ከመሰናበቻው ደብዳቤ ጋር ይታደል፤ ጊዜው ሲደርስም ማመልከቻውን የሚሞላለት ሰው ይኑር። የሙያ ምስክር ወረቀት ላይ የማረሚያ ቤት ስም መጻፉ ይቅር፣ የምዘና ተቋሙ ስም ይበቃል። የፖሊስ ማስረጃ ከሚጠየቅበት ሥራ ጋር የተያያዘውን ወንጀል ብቻ ይግለጽ። የመጨረሻው የሕግ ማሻሻያ ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል፤ የቀሩት መመሪያ ይበቃቸዋል።

ተያዥነቱ ግን ከመንግሥት ይልቅ የኛ ነው፤ እዚህ ላይ እድር አለን። የሚያውቅ፣ የሚመሰክር፣ የሚቆጣጠርም ተቋም ነው። አንድ እድር ለአንድ አባሉ ልጅ በጋራ ተያዥ ቢሆን አሠሪው ከአንድ ደመወዝተኛ የበለጠ ዋስትና ያገኛል። ሰውየውም መቶ አባወራ ፊት መቆሙን ያውቃል። የሰፈሬን እድር ዳኛ ጋሼን ስለዚህ ጠይቄያቸው ነበር። ደንቡን አውጥተው አብረን አነበብነው። በተከታታይ ወራት መዋጮ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል ይላል፤ የታሰረ ሰው ምን ይሆናል፣ ሲፈታስ እንዴት ይመለሳል የሚል አንቀጽ የለውም። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያዝ በጽሑፍ አቅርብ አሉኝ፣ አቅርቤያለሁ። የእናንተ እድር ደንብ ምን እንደሚል አይታችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ።