ከቅጠሉ በፊት አፈሩ

ብረት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ቦሮን በውኃ በጥብጦ ቅጠል ላይ መርጨት የመድኃኒትና የመዓዛ ዕፅዋትን ያሳድጋል፣ ዘይታቸውንም ያበዛል ይባላል። ይህን ምክር ያለ ጥያቄ ተቀብለነዋል። እኔ ግን በወላይታ፣ ኦቶና አካባቢ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ሮዝመሪ ለሚያለማ ገበሬ እንዳለ መንገር ጥፋት ነው እላለሁ።

ምክሩ ከየትኛው አፈር እንደመጣ እንይ። በበሶብላና በናና ላይ ከተሠሩት የርጭት ሙከራዎች ብዙዎቹ የኢራንና የግብፅ ናቸው። የእነዚያ አገሮች እርሻ በአብዛኛው ኖራ የበዛበት፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 በላይ የሆነ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ብረትና ዚንክን አስሮ ለሥር ስለሚከለክል፣ በቅጠል በኩል መስጠት ትክክለኛ መላ ነው። የወላይታ ቀይ አፈር ግን በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ብረትና ማንጋኒዝ እንደ ልብ ይሟሟሉ፤ ማንጋኒዝ እንዲያውም በዝቶ ተክሉን ሊመርዝ ይችላል። ችግሩ ያለው ፎስፈረስ በብረትና በአሉሚኒየም መታሰሩ ላይ፣ አሉሚኒየሙም ሥሩን ማቀጨጩ ላይ ነው። ታዲያ ሥሩ ለቀጨጨ ተክል ብረት መርጨት ምን ይፈይዳል? የሚያስፈልገው ኖራና ብስባሽ ነው። የወላይታ ገበሬ በቤቱ ዙሪያ ያለውን እንሰት የተተከለበትን መሬት፣ ዳርኮዋውን፣ በእበትና በቤት ጥራጊ ሲያዳብር ኖሯል፤ ከቤት ራቅ ያለው ቀይ እርሻ ግን ያን አላገኘም። ሁለቱን መሬት በአንድ የርጭት ጠርሙስ ማከም አይቻልም።

የንጥረ ነገር እጥረት የለም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ የአገራችን አፈር ላይ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ የሰልፈር፣ የቦሮንና የዚንክ እጥረት አሳይቷል። ቦሮን መጉደሉ ከተረጋገጠ ቦሮን ይሰጥ። ግን በቦሮን እጥረትና በቦሮን መርዝ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። ዚንክ ሰልፌትንም እንይ፤ 16 ሊትር በሚይዝ የጀርባ መርጫ 0.5 በመቶ ለማድረስ 80 ግራም ይበቃል። ሚዛን የሌለው ሰው በቡሽ ወይም በእፍኝ ገምቶ እጥፍ ከጨመረና ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከረጨ የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ይጠቁራል። እንዲህ የሚረጨው በሶብላ ደግሞ ለዳጣ የሚውል፣ ሳይበስል የሚበላ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ መለኪያው ነው። ቅጠሉ ለመለመ፣ ቁመቱ ጨመረ ተብሎ ይጨበጨባል። የበሶብላም የጦስኝም ዘይት የሚጠራቀመው በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ውስጥ ነው፤ ቅጠል ሲሰፋ በኪሎ የሚገኘው ዘይት ሊቀንስ ይችላል። ከሄክታር የሚገኘው ጠቅላላ ዘይት ቢጨምር እንኳ ይዘቱ ሊለወጥ ይችላል። ጦስኝ የሚፈለገው ለቲሞሉና ለካርቫክሮሉ ነው፤ እነሱ ሳይለኩ ስለ ጥራት ማውራት ባዶ ወሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ የወላይታን ዝንጅብል ሲያወድም፣ ተሐዋሲው ያለው በዘሩና በአፈሩ ውስጥ ነበር። ቅጠል በመርጨት የሚድን አልነበረም፤ እዚህም መጀመሪያ መታየት ያለበት አፈሩ ነው።

ስለዚህ ጠርሙሱን የሚመክር ባለሙያ መጀመሪያ የዚያን ማሳ ፒኤች ይንገረን። በአንድ መደብ ላይ ውኃ ብቻ፣ በሌላው ላይ ንጥረ ነገሩ ይረጭ፤ በበጋ ውኃው ራሱ ያለመልማልና። ከዚያ የሁለቱም ምርት ተለይቶ ይመዘን፣ ዘይቱም ተጣርቶ ይለካ። ይህ ሳይደረግ ከገበሬው ኪስ አንድ ብር መውጣት የለበትም።